አይጥ ሐኪሙን ይዤ ወደ ኩልመስክ

ባለቤቴ ሰይፉ ዶክተር ነው። ሰው ይህን እንደሰማ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ይዘረጋለታል፤ ግፊት እንዲለካለት። ሰይፉ ግን ግፊት መለካት አይችልም። የእሱ ዶክተርነት የአንጎል ምርምር ነው። ሃያ ዓመት ያህል በሰው አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች አንጎል ላይ አዲስ ሕዋስ ሲተክል ኖሮ፣ አሁን አዲስ አበባ ተመልሶ ያስተምራል። በሽታው እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ሰውነት ያደርቃል፣ እርምጃ ያሳጥራል፤ እንቅስቃሴን የሚመሩ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ ይመጣል። የሰይፉ የዕድሜ ልክ ሐሳብ በሞቱት ፋንታ ሌላ መትከል ነው። ሲያወራው የክረምት ችግኝ ተከላ ያስመስለዋል። በእሱ እጅ ብዙ አይጥ ድኗል። የሰው ተራ ግን ገና አልደረሰም።

የጉዟችን ምክንያት ታላቅ ወንድሙ ጋሼ አዳነ ናቸው። ላስታ ከላሊበላ ወዲያ፣ ኩልመስክ በምትባል ደገኛ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ ርእሰ መምህር ናቸው። ይኸው በሽታ ከያዛቸው ቆይቷል። የበሽታው ተመራማሪ ወንድም እያላቸው በዚያው በሽታ መያዛቸውን ከተማው እንደ ትልቅ ዕድል ይቆጥረዋል።

ባለፈው ወር ሰይፉ ሬዲዮ ላይ ቀረበ። ጠያቂው «ስለዚህ መድኃኒቱ ተገኘ ማለት እንችላለን?» አለው። ሰይፉ ለምን እንዲያ ማለት እንደማይቻል ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። ጠያቂው በትዕግሥት አዳመጠና «አድማጮቻችን፣ እንደሰማችሁት ተገኝቷል!» ብሎ ወደ ሙዚቃ ሄደ። በማግስቱ የጋሼ አዳነ ባለቤት ውባለም ደወለች። «መቼ ነው የምትመጡት?» አለች። «ቤቱን አጽድቼ ጨርሻለሁ።»

ማክሰኞ

በመኪና መሄድ ነበረብን፤ ነገር ግን ያማከርናቸው ሰዎች በሙሉ መንገዱን ሲጠየቁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ስለሚሉ፣ ይህም አዎም አይደለምም ስላልሆነ፣ አውሮፕላን መረጥን።

ሰይፉ ለወንድሙ ነገሩን ለማስረዳት ለማስተማሪያ የሚጠቀምበትን የፕላስቲክ አንጎል ይዟል። ቦሌ የፍተሻዋ ልጅ ቦርሳውን ከፈተች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አንጎል ነው።»

«የማን?»

ሰይፉ ቀላል ጥያቄ በቀላሉ መመለስ አይወድም። «የማንም አይደለም፤ የአማካይ ሰው አምሳያ ነው» ሲላት ልጅቷ አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ ሲያነሱት አንጎሉ ተገጣጣሚ ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ ተበታተነ። ከኋላችን የተሰለፈው መንገደኛ ሁሉ የባለቤቴን አንጎል ሲለቅም አረፈደ። ላሊበላ ደርሰን ስንገጣጥመው ከኋላ በኩል አንድ ቁራጭ የለም። እስካሁንም ቦሌ ወለል ላይ የሚንከባለል ይመስለኛል።

የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ቆላ ላይ ነው፤ ከተማው ተራራ ላይ። ማረፊያው ላይ ኮቴን አወለቅሁ፤ ከተማው ስንደርስ ደግሜ ለበስሁ፣ በላዩ ነጠላ ደረብሁ። ሆቴላችን ለቱሪስት የተሠራ፣ ቱሪስት የሌለበት ሆቴል ነው። በረንዳው ገደሉንና ተራራውን አንድ ላይ ያሳያል፤ አዲስ አበባ እኛ ቤት መስኮት ሲከፈት የጎረቤት ካልሲ ነው የሚታየው። የምግብ ዝርዝሩ ላይ ዓሣ አለ፣ ላዛኛ አለ፣ ስሙን ማንበብ ያልቻልሁት የፈረንጅ ሾርባ አለ።

«ምን አላችሁ?» አልኋቸው የሆቴሉን ባለቤት አቶ ጌትነትን።

«ሽሮ» አሉ፣ ያለ ምንም ኀፍረት።

ሽሮው ግሩም ነበር። ሙቅ ውኃ «ይመጣል» ተባለ። ሳይመጣ ሲቀር አቶ ጌትነት እንጨት አንድደው ውኃ አፈሉና ጀሪካኑን ራሳቸው ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። በር ላይ አስቀምጠው «ከቧንቧ ባይመጣም መጥቷል» ብለው ወረዱ።

ረቡዕ

ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፦ እኛ ሰፈር የኮንዶሚኒየሙ ሊፍት ከተመረቀ ጀምሮ አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም። እዚህ ከጣሪያ ወደ መሠረት ጠርበው፣ አንድ ቋጥኝ ሳይሰነጥቁ ጨርሰው አስረክበዋል።

ሰይፉ የጠበበ በር ባየ ቁጥር ቆመ። የፓርኪንሰን ታማሚ ጠባብ በር ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ እንደሚጣበቅበት አስረዳኝ። «ለምን እንደሆነ እስካሁን በደንብ አናውቅም» አለ በደስታ። የሙያው ሰዎች «አናውቅም» ሲሉ ፊታቸው ይፈካል፤ እኔ የምሠራበት ባንክ ውስጥ አንድ ሰው እንዲያ ቢል ከሥራ ይባረራል።

ጫማችንን አውልቀን ምንጣፉ ላይ ስንዞር ዋልን። ማታ ሆቴል ስንገባ ከኛ ጋር የገቡ ቁንጫዎች እንዳሉ ታወቀ። ሰይፉን መርጠውታል። እኔን አልነኩኝም። ሌሊቱን ሙሉ ካልሲው ውስጥ ሲያክ ያየሁት የአንጎል ተመራማሪ፣ ለተነከሰ ቆዳ ምን እንደሚደረግ አያውቅም ነበር።

ሐሙስ

ኩልመስክ የሚሄደው ሚኒባስ ሲሞላ ይነሣል ተባለ። ሞላ፤ አልተነሣም። ከሞላ በኋላ የሚገቡት መግባት ነበረባቸው። ከአጠገቤ ወልድያ ድረስ የሚሄዱ ሐጂ ይመር የሚባሉ ነጋዴ ተቀመጡ። መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ዓይኔን ጨፈንሁ። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፣ «ሹፌሩም እኮ መኖር ይፈልጋል።» ኪሳቸው ካለው ቆሎ አንድ እፍኝ ዘገኑልኝ።

ከዚያ ወደ ሰይፉ ዞረው ሥራውን ጠየቁት። ሰይፉ ከቦሌው ትምህርት ስላገኘ ነገሩን በጣም አሳጠረው። «አይጥ አክማለሁ» አለ።

ሐጂ ይመር ቆሎ ማኘካቸውን አቆሙ። «ታክማለህ?»

«አዎ።»

«አላህ ይይልህ! እኛ ገብሳችንን ጨርሳ የሚገድላት አጥተን፣ አንተ ታክምልን ጀመር?»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሹፌሩም ዞሮ ሳቀ፤ እሱ እንኳ ባይዞር ደስ ይለኝ ነበር። ሰይፉ ኩልመስክ እስክንወርድ ድረስ ስለ ምርምር ጥቅም አስረዳ፤ ሐጂም ስለ ወጥመድ ዓይነት አስረዱት። በሰላም ተለያዩ።

ሳቃችን ጋሼ አዳነ ቤት በር ላይ አለቀ።

በፊት የማውቃቸው ጋሼ አዳነ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ሲናገሩ ከወንዙ ማዶ የሚያርሰው ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ የሚያዳምጣቸው ሰው ነበሩ። አሁን ወንበር ላይ እንደተተከሉ፣ ፊታቸው ምንም ሳያሳይ፣ ዓይናቸው ብቻ ወደኛ ዞረ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ድምፅ አልሰማሁም። ውባለም ጆሮዋን አፋቸው ላይ ደቀነች። ውባለም ከኔ ብዙም አትበልጥም፣ አንቺ እንባባላለን፤ በደህናው ጊዜ ባሏን አንድ ቀን አቋርጣቸው አታውቅም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ይላሉ» አለች።

ጋሼ አዳነ ዓይናቸውን አፈጠጡባት። ደግመው አንሾካሾኩ።

ውባለም አመነታች። «እንኳን ደህና መጣችሁ አላልሁም፣ ለምን አረፈዳችሁ ነው ያልሁት ይላሉ።»

ሰይፉ ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘ። ክንዳቸው እንደ እንጨት ደርቋል። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ መጥተው ሲታከሙ እኮ በራሳቸው እግር ታክሲ ይይዙ ነበር። «መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጫቸዋለሽ?» አለ ውባለምን።

«ካቆሙ ሰነበቱ እኮ» አለች። «አንተ ነህ አሉ ያልኸው።»

ጉዳዩ ይህ ነው። ሰይፉ በሬዲዮው ቃለ መጠይቅ ላይ፣ እንዲህ ያለ ሙከራ ውስጥ የሚገቡ ታማሚዎች ሲመረመሩ በሽታቸው ጥርት ብሎ እንዲታይ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ መድኃኒት እንደማይወስዱ ተናግሮ ነበር። ጋሼ አዳነ ይህን ሰሙ። ወንድማቸው እየመጣ ነው፤ ምርመራ አለ ማለት ነው። አንድ ምሽት ብቻ ግን አላጠገባቸውም። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ሲጠየቁ ውባለም በኩል የመጣው መልስ «ደህና ተማሪ ለፈተና በአንድ ሌሊት ይዘጋጃል እንዴ?» የሚል ነበር። በሽታውን የሚያስታግሰውን እንክብል ያዘዙላቸው፣ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪም እንዳያቋርጡ ብለው ቢያስጠነቅቁም፣ ጋሼ አዳነ የሬዲዮውን ቃለ መጠይቅ አስበልጠዋል። ዐሥር ቀን ሊሞላቸው ነው። ትናንት ውኃ ሲጠጡ ትን ብሏቸው ሊሞቱ ነበር።

በዚህ በሽታ ላይ ዕድሜውን የጨረሰው ባለቤቴ ወደኔ ዞረና «ስንት ነው የሚሰጣቸው?» አለኝ። እኔን! የባንክ ሠራተኛዋን!

ስልክ የሚሠራው ከቤታቸው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ነው። ሰይፉ በላሊበላ ቁንጫ የቆሰለ እግሩን እየጎተተ፣ በደጋው ብርድ እያለከለከ ወጣ። እኔ ከታች ሆኜ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣ ሲሽከረከር አየዋለሁ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያሉትን ሐኪም አገኛቸው። ከኮረብታው እየጮኸ፣ ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ ይመስል፣ «ግማሽ እንክብል! ቀስ በቀስ ይጨመራል! ከሥጋ ጋር አይሆንም! ቁጭ ብለው ይዋጡ!» ይለኛል። ውባለም ከጤና ጣቢያው ያስጠራቻት ሲስተር ጋሼን ደግፋ ቀና አደረገቻቸው፤ እንክብሉን በማንኪያ ውኃ ዋጡ። ሌሊት ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ትኩሳት ካመጡ ወደ ላሊበላ እንድንወስዳቸው ነግራን፣ ቁጥሯንም ሰጥታን ሄደች።

ለኛ ክብር በግ ታርዶ ነበር። ጋሼ አዳነ ከመድኃኒታቸው ጋር ሥጋ እንዳይበሉ ስለተባለ ራት የበሉት የገብስ አጥሚት ነው። እኛ ፊት ለፊታቸው ጥብስ በላን። እንደዚያ ያለ ጥብስ አዲስ አበባ አይገኝም፤ እንደዚያ ያለ ጥብስ ደግሞ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ዓርብ

ጠዋት ጋሼ አዳነ ጣታቸውን አንቀሳቀሱ። ቀጥሎ አንገታቸውን አዞሩ። ረፋድ ላይ፣ ሁለተኛው ግማሽ እንክብል ሥራውን ሲጀምር፣ ማንኪያ ያዙ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹ አጥሚት ጋቢው ላይ ፈሰሰ፤ ውባለም ግን ሠርግ ቤት የገባች ይመስል እልል አለች። እኔ ሰይፉን አየሁት። የዳኑለትን አይጦች ፎቶ ሲያሳየኝ እንኳ እንዲህ ዓይነት ፊት አይቼበት አላውቅም።

ይኸን እልልታ የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ዶክተሩ አዳነን በአንድ ሌሊት አስነሣው! ጉልበት ያመማቸው፣ ዓይን የፈዘዘባቸው፣ ልጅ አልሰማ ያላቸው ግቢውን ሞሉት። ሰይፉ «እኔ ሐኪም አይደለሁም» ሲል ትሕትናውን አደነቁ። አንዲት እናት «እንዲህ ነው የተማረ ሰው፣ አይመጻደቅም» ብለው ጉልበታቸውን ገልጠው ተቀመጡ። ሁሉንም ወደ ጤና ጣቢያው እየላከ ዋለ፤ ሲስተሯ ማታ ምን እንዳለችን አልጽፈውም።

ሰው ሲበተን ጋሼ አዳነ «እንግዲህ ጀምር» አሉ። ድምፃቸው አሁንም ሹክሹክታ ነው፤ ነገር ግን ቀረብ ላለ ሰው ይሰማል። ጋቢው በሌላ ነጭ ጋቢ ተለውጧል። ያኔ ነው የገባኝ፦ ውባለም ቤቱን ያጸዳችው፣ ነጫጩን ጋቢ ያጠበችው፣ ሰይፉ እዚሁ ያደርገዋል ላለችው ቀዶ ጥገና ነው።

ሰይፉ የፕላስቲኩን አንጎል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጋሼ አዳነ ዞር አድርገው አዩት።

«ይሄ ጎዶሎ ነው» አሉ።

«አንዱ ቁራጭ ቦሌ ወድቆ ነው፣ ጋሼ።»

«ቀጥል።»

ሰይፉ ቀጠለ። ሕዋስ ከየት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚራባ፣ በምን መርፌ እንደሚገባ፣ ስንቱ ገብቶ ስንቱ እንደሚሞት ተናገረ። ከአገር ውጭ ጥቂት ሰዎች ላይ እየተሞከረ መሆኑን፣ መጀመሪያ የሚታየው ጉዳት አለማምጣቱ መሆኑን ተናገረ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሰይፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ላለመናገር ሌሎቹን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ተናገረ። እኔ እግሩን በጠረጴዛው ሥር ረገጥሁት።

ጋሼ አዳነ ጣታቸውን አነሡ። «እውነት ወይስ ሐሰት በል» አሉ። «ይህ ነገር ለኔ ይደርሳል።»

ሰይፉ የአንጎሉን ጎዶሎ ቦታ በጣቱ ዳሰሰ።

«ሰይፉ።»

«ሐሰት» አለ። «አይደርስልዎትም፣ ጋሼ።»

ውባለም ተነሥታ ወጣች። ከጓሮ በኩል ዕቃ ስታጋጭ ሰማናት፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም። ጋሼ አዳነ ፊታቸው እንደነበረ ነው፤ በሽታው ማዘናቸውን እንኳ እንዲያሳዩ አይፈቅድላቸውም። ሰይፉ ግን ፊቱ ጤነኛ ስለሆነ ሁሉም ታየበት።

ጋሼ አዳነ የፕላስቲኩን አንጎል በጣታቸው ገፋ አድርገው፣ «አይጦቹስ?» አሉ። «መዳናቸውን በምን ታውቃለህ?»

«የታመመች አይጥ መድኃኒት ስንወጋት ወደ አንድ ጎን ብቻ ትሽከረከራለች። ሕዋሱ ከያዘላት መሽከርከሯን ትታ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።»

«አይተሃል? በዓይንህ?»

«አይቻለሁ። የመጀመሪያዋን ያየሁ ቀን ከደስታ ብዛት ባቡር ተሳስቼ ሌላ ከተማ ወረድሁ።»

ይህን እኔም ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን አምሽቶ ሲገባ ስብሰባ ነበረብኝ ነው ያለኝ።

«ከዳነች በኋላስ?» አሉ ጋሼ አዳነ። «ምን ታደርጉላታላችሁ?»

ሰይፉ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «ሕዋሱ መብቀሉን ማረጋገጥ ስላለብን...»

«እ?»

«እንገድላታለን። አንጎሏን አውጥተን፣ በስሱ ቆርጠን በማይክሮስኮፕ እናያለን።»

የጋሼ አዳነ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሽታው መስሎኝ ብድግ አልሁ። ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም፤ ከዓይናቸው ግን እንባ ይወርዳል፣ ከጉሮሯቸው የተቆራረጠ ትንፋሽ ይወጣል። እየሳቁ ነው። «ው... ውባለም» ይላሉ፣ ድምፃቸው ከጠረጴዛው አያልፍም። እኔ ሮጬ ጠራኋት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ጋሼ አዳነ ነገሩን በሹክሹክታ ነገሯት። ውባለም ሰይፉን አየች። የፕላስቲኩን አንጎል አየች። ደግማ ሰይፉን አየች።

«እንኳንም ቀረብን!» አለች፤ ከዚያ እሷንም ሳቅ ያዛት። ስቃና አልቅሳ የትኛውን እንደጨረሰች አልለየሁትም።

ሳቁ ሲበርድ ጋሼ አዳነ ወንድማቸውን በጣታቸው ጠሩት። «ግን ቀጥ ብላ ሄዳለች?»

«ሄዳለች።»

«እንግዲያው ሥራ ነው» አሉ። «ለሬዲዮ ግን አትንገር።»

ቅዳሜ

በማግስቱ እሑድ አውሮፕላን ስላለን ጠዋት ወደ ላሊበላ የሚመለሰውን ሚኒባስ መያዝ ነበረብን። ከዚያ በኋላ የሚመጣ መኪና ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ውባለም አምባሻና ከበጉ የደረቀ ሥጋ ቋጥራ ሰጠችን። ሰይፉ የመድኃኒቱን ሰዓት ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ጋሼ አዳነ ሁለት የፊደል ስሕተት አርመውለት ነበር።

ሊሸኙን ተነሡ። ከወንበር ሲነሡ ጊዜ ወሰደ፤ የቤቱ ደፍ ላይ ሲደርሱም እግራቸው ተጣበቀ። ሰይፉ ከዘራቸውን ተቀብሎ ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ አጋደመው። «ይሻገሩት» አለ። ጋሼ አዳነ ከዘራውን ተሻግረው ወጡ። ይህን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው አንድ ጽሑፍ ላይ አንብቦት እንደነበር ነገረኝ።

በረንዳው ላይ ካፖርታቸውን አመጣንላቸው። ወፍራም የደጋ ካፖርት ነው፤ ቁልፎቹ ትልልቅ፣ ቀዳዳዎቹ ጠባብ። ውባለም ደረበችላቸውና ወደ ኋላ ሸሸች። ጋሼ አዳነ የታችኛውን ቁልፍ ያዙ። አመለጣቸው። ደግመው ያዙ።

ከመንገዱ የሚኒባሱ ጥሩንባ ተሰማ። ረዳቱ «ላሊበላ! ላሊበላ!» ይላል። ሰይፉ ሰዓቱን አየና ወደ ወንድሙ ራመድ አለ፣ እጁ ወደ ቁልፉ ተዘረጋ። ውባለም ክንዱን ያዘችው።

ሰይፉ ቆመ። አይጥ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትዞር ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ ሰዓቱን ኪሱ ውስጥ ከተተና ቆመ። የመጀመሪያው ቁልፍ ገባ። ጥሩንባው ደገመ፤ ረዳቱ የኛን ስም እየጠራ ሰደበን። ሁለተኛው ቁልፍ ሊገባ ሲል ወጣ፤ ጋሼ አዳነ በአፍንጫቸው ተነፈሱና እንደገና ጀመሩ። ሻንጣዬን መሬት አስቀመጥሁ። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቶ፣ አቧራውን እያቦነነ ወደ ተራራው ዞረ።

ማንም ወደ መንገዱ አላየም። ጋሼ አዳነ የመጨረሻውን ቁልፍ አንገታቸው ሥር አስገቡና የካፖርቱን ደረት በእጃቸው አስተካከሉ።

«ጨረስሁ» አሉ። «መኪናውስ?»

«ይመጣል፣ ጋሼ» አለ ሰይፉ፤ አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።